መስፈርና መመዘን

ሰው ወደ ጥያ የሚሄደው ትክል ድንጋዮቹን ለማየት ነው፤ ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸውን። እኔ የምሄደው ግን አክስቴ ቤት፣ ለሽሮ ነው።

አክስቴ ሽሮ አዘጋጅታ አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞቿ ትልካለች። አምና የሶፍትዌር ሙያዬን ላሳያት ብዬ የትዕዛዝ መመዝገቢያ አፕ ሠራሁላት። እሷ በጣሳ ትሰፍራለች፤ ደንበኞቹ የሚከፍሉት በኪሎ ነው። ጣሳው አንድ ሊትር ይይዛል። እኔም ሽሮው ውኃ ይመስል አንድ ጣሳ አንድ ኪሎ ነው ብዬ ጻፍኩ። አንድ መስመር ኮድ፣ አለቀ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ደወሉ። አምስት ኪሎ ብለው የከፈሉበት ሽሮ ቤታቸው ሲመዘን ሦስት ኪሎ ሆኗል። «ከእርስዎ አልጠብቅም ነበር» ብለው ስልኩን ዘጉ። አክስቴ አልተቆጣችኝም። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። እኔ ግን በሰው ቁና ተሰፈርኩ» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ስለ ቁና ግን አስቤ አላውቅም። ቁና የእህል መስፈሪያ ነው። በብዙ ቦታ ሃያው አንድ ዳውላ ይባል ነበር፤ መጠኑ ግን ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ «አንድ ዳውላ ስንት ኪሎ ነው?» ለሚል ሰው መልሱ ሌላ ጥያቄ ነው፦ የየት አገር? የምን እህል? ልክ ነው ወይስ ተቆልሎ?

ወርቅ ግን አይሰፈርም፣ ይመዘናል፤ መለኪያው ወቄት ነበር። ቡናም በፈረሱላ ይመዘናል፤ አንዱ 17 ኪሎ ገደማ ነው። 1780 የሚል ዓመት የታተመባት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ደግሞ 28 ግራም ገደማ ስለምትመዝን ገንዘብም የሚዛን ድንጋይም ሆና አገልግላለች። አሞሌ ጨው ይቆጠራል። መስፈር፣ መመዘን፣ መቁጠር፦ አማርኛው ለእያንዳንዱ የራሱን ግስ ሰጥቶታል። አንድ ላይ የጨፈለቅኳቸው እኔ ነኝ።

በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው አዋጅ ቁጥር 208 የሜትሪክ መለኪያን ሕጋዊ አደረገ። ኪሎ ሕግ ሆነ፤ ጣሳ ግን ከገበያ አልወጣም። ምክንያቱ የገባኝ አሁን ነው። ሚዛንን ማመን ያስፈልጋል፤ ጣሳ ሲሞላ ግን ገዢዋ በዓይኗ ታያለች።

ቅዳሜ የኩሽና ሚዛን ይዤ ጥያ ወረድኩ። በዚያው ጣሳ የሽምብራ ክክ 800 ግራም ገደማ መዘነ። አዲስ የተነፋ ሽሮ 550 ሆነ። ጣሳውን መታ መታ አድርገን ስንሞላው ያው ሽሮ 650 ገባ። ለእያንዳንዱ እህል የተለየ ቁጥር ልጽፍ ነበር የመጣሁት፤ ለአንድ ሽሮ እንኳ አንድ ቁጥር የለም። ኮዷን ሰረዝኳት። አሁን አፑ አይቀይርም፤ «ስንት መዘነ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል።

አክስቴ የጎደለውን ሁለት ኪሎ መዝና ለደንበኛዋ ላከች። ከመታሰሩ በፊት አንድ ኩባያ ጨመረችበት።

«ይሄንንስ የት ልመዝግበው?» አልኳት።

«ምርቃት አይመዘገብም» አለችኝ።