የቆሎ ተማሪና የስልክ ተማሪ

ዛሬ ፍልስፍና ለመማር የዩኒቨርሲቲ በር እስኪከፈት መጠበቅ ግድ አይደለም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር፣ በገበዝ ማርያም አካባቢም ቢሆን፣ ስልክና ኔትወርክ ያገኘ ወጣት የሃርቫርዱ ማይክል ሳንደል ስለ ፍትሕ የሚያስተምረውን በዩቲዩብ በነጻ ያያል። የስኮትላንዱ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የፍልስፍና መግቢያ ኮርሱን በኮርሴራ ሲከፍት ከ90 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቧል።

ጀምሮ የሚጨርሰው ግን ጥቂት ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት አብዛኞቹን ነጻ የኦንላይን ኮርሶች እስከ ፍጻሜ የተከታተለው ተማሪ ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም ነበር። ብዙ ሰው ይህን ስንፍና ይለዋል። የጎጃምን የትምህርት ታሪክ ያየ ሰው ግን ሌላ ምክንያት ይታየዋል፤ የጎደለው አድማጭ ነው።

በራስ ፈቃድ መማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪን ማንም አይመዘግበውም፤ ክፍያ አይጠየቅም፤ የምረቃ ቀን አይቆረጥለትም። ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። መምህሩን የሚመርጠው ራሱ ነው። የጎንጅን ስልት የፈለገ ወደ ጎንጅ፣ የዋሸራን የፈለገ ወደ ዋሸራ ይሄዳል፤ የዋድላን የሻተ ደግሞ ዓባይን ይሻገራል። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ ከዘመናዊ ትምህርት በፊት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት በዚህ ሥርዓት ነው።

የቅኔ ቤት አሠራር ልብ ይባል። ተማሪው የሚጀምረው ከግስ ነው፤ ግእዝ የእናቱ ቋንቋ ስላልሆነ መጀመሪያ ቃሉን ያጠናል። ከዚያ ባለሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይሞክራል፤ ደረጃ በደረጃ እስከ ባለስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ቀን ጫካ ገብቶ ወይም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል። ሥራው ግን በዚያ አያልቅም። የቆጠረውን ይዞ ወደ መምህሩ ወይም ወደ አስነጋሪው ቀርቦ ይናገራል። ሰዋስው ከሳተ ይታረማል፤ ሰሙና ወርቁ ካልገጠመ ይመለስበታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም፣ የጓደኛን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። የትምህርቱ ግማሽ ብቻን መሆን፣ ግማሹ ሰው ፊት መቆም ነው ማለት ነው።

ይህ የቤተ ክህነት ትምህርት ነው፤ ፍልስፍና አይደለም የሚል ይኖራል። ከፊል እውነት አለው። ቅኔ ቤት የሃይማኖቱን መሠረት አልጠየቀም። ነገር ግን በአገራችን የፍልስፍና ታሪክ በጣም የሚነሳው መጽሐፍ፣ የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ፣ ፈላስፋውን የሚያወጣው ከዚሁ ቤት ነው። በሐተታው እንደተተረከው ዘርአ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 አክሱም አካባቢ ተወለደ። ዜማ ጀምሮ ድምፁ ስላልሰመረለት ወደ ቅኔ ዞረ፤ 4 ዓመት ቅኔ፣ 10 ዓመት የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ 2 ዓመት ዋሻ ውስጥ ኖረ።

ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ዋሻውን ብቻ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ዋሻ፣ አንድ ዳዊት። ከዋሻው በፊት ግን 14 የትምህርት ዓመታት ነበሩ። ከዋሻው በኋላም እንፍራዝ ላይ ወልደ ሕይወት የሚባል ተማሪ ነበረው፤ ሐተታው የተጻፈውም በእሱ ልመና ነው። የሚጠይቅ ተማሪ ባይኖር መጽሐፉም ባልኖረ።

በእርግጥ ሐተታው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ወይስ እጅ ጽሑፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፈረንሳይ የላከው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ጻፈው የሚለው ክርክር አልተቋጨም። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የሚሲዮናዊው ነው አለ፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ በብዙ ቅጽ ተሟገተ። ለእኛ ጉዳይ ግን የትኛውም ቢረታ ለውጥ የለውም። ማንም ይጻፈው፣ በኢትዮጵያ ምድር ራሱን ችሎ የሚያስብን ሰው ሲስል መነሻ ያደረገለት ቅኔ ቤትን ነው።

ሌላዋ ምስክር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡት እማሆይ፣ ቅኔ ቤት የወንድ ብቻ ይመስል በነበረበት ዘመን ከመምህሩ አባታቸው ጉባኤ ተምረው በጎጃም ጽላሎ ወንበር ዘርግተው ቅኔ አስተማሩ። መጽሐፍ ማየት ሳይችሉ በጆሮና በቃል ብቻ ለመምህርነት በቁ። ያበቃቸው የሚናገርና የሚያርም ሰው አጠገባቸው መኖሩ ነው።

ይህን ታሪክ ዛሬ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ ኮርስ ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ያልገባው እንዴት ማሰብ እንዳለበት የሚማርበት ክፍል የለውም። በዚያው ዓመት ክረምት በክልላችን ጦርነቱ ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታ ለረጅም ወራት አልተመለሰም። በጎጃም ገጠር ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ክፍል የሌለው ወጣት ፊት የቀረው ወሬና ጥይት ነው። ወሬን የሚመዝን አእምሮ ለዚህ ትውልድ ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ የስልክ ተማሪ ሆይ፣ ከቆሎ ተማሪው ተማር። ኔትወርክ ሲኖር ትምህርቱን አውርደህ በሜሞሪ ያዝ፤ ለሌላውም ጫንለት። እንግሊዝኛው ከከበደህ አትፈር፤ ቅኔ ቤትም ከግስ ነው የሚጀምረው። ደብተር ያዝና መነሻ ሐሳብ፣ ድምዳሜ፣ አመክንዮ የሚሉትን ቃላት በራስህ ምሳሌ ጻፋቸው። ከሁሉ በላይ ሁለት ሦስት ሰው ፈልግ። በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙና አንዱ ያየውን በራሱ ቃል ይናገር፣ ሌላው «ይህ ከዚያ እንዴት ተከተለ?» ብሎ ይጠይቀው። እህቶቻችሁንም ጥሩ፤ እማሆይ ገላነሽን ያፈራ አገር ነው።

ቪዲዮው ይነግርሃል እንጂ አይሰማህም። የሚሰማህን ሰው መፈለግ ያንተ ፋንታ ነው።