ልጅ የተለመነበት ድንጋይና ሸክላ

ከሺሺንዳ እስከ ቦንጋ በተዘረጋው የከፋ ምድር፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል፣ ጭቃ አቡክታ ማሰሮና ጀበና የምትሠራው ሴት ናት። ይህን ጥበብ ጠብቀው ያቆዩት ማኖ ተብለው፣ ከሌላው ሕዝብ ጋር እንዳይጋቡና አብረው እንዳይበሉ ሲገለሉ የኖሩ ቤተሰቦች ናቸው። የተናቀው ሸክላ ግን የሚጠራው በሰው ገላ ስም ነው፤ ገንቦ አፍ አለው፣ አንገት አለው፣ ጆሮ አለው፣ ሆድም አለው።

ይህ አነጋገር በቃል ብቻ የቀረ አይደለም። በአክሱም ዘመን ከተሠሩት ዕቃዎች መካከል አንገታቸው በሴት ራስ አምሳል የተቀረጸ፣ ጠጉሯም ዛሬ በትግራይ እንደሚታየው ሹሩባ የተሠራ ይገኙባቸዋል። ሆዱን የሚሸከመው ዕቃ እንግዲህ ራሱ ሴት ሆኗል ማለት ነው።

ከዚያም ብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ሥራ አለ። ፈረንሳዊው የቅርስ ተመራማሪ አንሪ ደ ኮንታንሶን ከአክሱም በስተደቡብ ምሥራቅ በሐውልቲ፣ በ1951 ዓ.ም. ገደማ ባካሄዱት ቁፋሮ፣ ትናንሽ የሸክላ ምስሎች ወጡ፤ ሴቶች፣ ከብቶችና ቤቶች። ከድንጋይ የተጠረበች፣ ሽንሽን ቀሚስ የለበሰች፣ እጆቿን በጉልበቶቿ ላይ ያሳረፈች ሴትም በዚያው ተገኘች። የእርሷ ብጤ የሆነች ሌላ ተቀማጭ ሴት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በምሥራቅ ትግራይ፣ በአጽቢ በኩል ከምትገኘው ከአዲ ገላሞ ወጥታ ነበር። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ አምስተኛው መቶ ዓመት ይጠጋል።

እንዲህ ያለ ምስል የሚያይ ሁሉ «የመራባት አምላክ ናት» ለማለት ይቸኩላል። የአዲ ገላሞዋ መቀመጫ ግን በሳባ ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ አለበት። የሚናገረውም ስለ አምላክ ክብር አይደለም፤ ለያማናት ልጅ ይሰጥ ዘንድ የቀረበ ልመና ነው። (ፊደሉ አናባቢ ስለማይጽፍ ስሙን «ያማናት» ብሎ ማንበብ የሊቃውንት ግምት ነው።) አምላክ ይሰጣል እንጂ አይለምንም። እጆቿን በጉልበቷ አሳርፋ የተቀመጠችው ሴት እንግዲህ ደጅ የምትጠና እንጂ ደጅ የሚጠናባት አትመስልም።

የሐውልቲዎቹ የሸክላ ሴቶችም በዚህ ዓይን ቢታዩ ይገባል። አጠገባቸው ያሉት ከብትና ቤት ናቸው፤ አንድ ጎጆ የሚመኘው ሁሉ እዚያ አለ። ድንጋይ ለማስጠረብና ስም ለማስጻፍ አቅም ያልነበራት እናት፣ ያንኑ ልመና በአንድ እፍኝ ጭቃ ሳታደርሰው አልቀረችም።