ከራምፑ ሥር የቆመው አይሱዙ



በለንደንም ሆነ በኒውዮርክ ሰዎች አዘውትረው የሚነታረኩበት አንድ ጉዳይ አለ። ዕቃ አድራሽ ሾፌር ለአካል ጉዳተኞች በተከለለ የመኪና ማቆሚያ ላይ «ለሁለት ደቂቃ ነው» ብሎ ይቆማል፤ የቦታው ባለመብት በዚያችው ሁለት ደቂቃ ይደርሳል፤ ጭቅጭቁ ይነሣል። ነገሩን ወደ ሐዋሳ ስናመጣው ሾፌሩም አለ፣ ሁለት ደቂቃውም አለ፣ አካል ጉዳተኛውም አለ። የጎደለው የተከለለው ቦታ ነው። በከተማችን ሾፌሩ የሚረግጠው የተቀባ መስመር እምብዛም አይገኝም። አይሱዙው የሚቆመው ከባንኩ፣ ከፋርማሲው ወይም ከገበያ ማዕከሉ ደረጃ ጎን በተሠራው ራምፕ ግርጌ ነው። ራምፑ ለዊልቸር ተሠርቶ የቢራ ሳጥንና የዱቄት ኩንታል ማውረጃ ሆኗል።

መስመሩ ለምን አልተቀባም? መልሱ በእኔ እምነት ከሾፌሩ ጠባይ ይልቅ፣ «አካል ጉዳተኛ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሕጎቻችን በየዘመኑ በሰጡት መልስ ውስጥ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. 1970ን እንውሰድ። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ አልፍ ሞሪስ የተባለ ተራ የምክር ቤት አባል ያቀረበውን ሕግ አጸደቀ። የሞሪስ አባት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስሎና በመርዝ ጋዝ ተጎድቶ የተመለሰ ወታደር ነበር፤ ልጁ የአካል ጉዳትን ያወቀው በቤቱ ነው። ከሕጉ አንቀጾች አንዱ አካል ጉዳተኛ በሚጠቀምበት መኪና ላይ የሚለጠፍ ምልክት እንዲሰጥ አዘዘ። ብርቱካናማው ምልክት በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ላይ ዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ሰማያዊ ተለወጠ። ልብ በሉ፤ ያ ሕግ አካል ጉዳተኛውን መኪና ያለው፣ ገበያ የሚወጣ፣ ቀጠሮ የሚያከብር ሰው አድርጎ አስቦታል።

በዚያው በ1970 እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በትእዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት መሠረተ። ዘመኑ «አካለ ስንኩል» የሚባልበት ዘመን ነበር። የትእዛዙ ትርጓሜ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። አካል ጉዳተኛ ማለት በአካሉ ወይም በአእምሮው ጤና ጉድለት ምክንያት ኑሮውን ሠርቶ ማግኘት የማይችልና ረዳት የሌለው ሰው ነው ይላል፤ በዕድሜ ማነስ ወይም በእርጅና መሥራት የማይችለውንም ከዚሁ ይጨምረዋል። እንግዲህ በዚህ ትርጓሜ እግሩን ያጣ ነገር ግን ደመወዝ የሚበላ ጸሐፊ አካል ጉዳተኛ አይደለም። ሕፃንና ሽማግሌ ግን ናቸው! ሕጉ የለካው ሰውነትን ሳይሆን ድህነትን ነበር። ለድሀ ምጽዋትና መጠለያ ይታሰብለታል፤ የመኪና ማቆሚያ ግን ማን ያስብለታል?

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ጦርነቱም ተከተለ። በኦጋዴንና በኤርትራ ግንባሮች የቆሰለው ወታደር ለጊዜው «ጀግና» ተብሎ ተከበረ፤ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ግን ብዙው ከጎዳና ወደቀ። ክብሩም እንክብካቤውም ከመንግሥት ፈቃድ የመነጨ ስለነበር ከመንግሥቱ ጋር ሄደ።

በሕግ ደረጃ አካል ጉዳተኛው ሠራተኛ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ የተነገረው በ1986 በወጣው የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 101 ነው፤ ይህንኑ በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ተክቶ አጠናከረው። በመካከሉ የመጣው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችን ከአረጋውያንና ወላጅ ካጡ ሕፃናት ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳቸው ይደነግጋል። የአሮጌው ትእዛዝ ጥላ እዚህም አለ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግን አንድ ትልቅ እርምጃ ነበር። አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው፣ መጸዳጃ ቤቶችም እንዲመቻቹ አዘዘ። ዛሬ በሐዋሳ የምናያቸው ራምፖች ባመዛኙ የዚያ አንቀጽ ልጆች ናቸው። ስለ መኪና ማቆሚያ ግን በዚያ አንቀጽ አንድም ቃል አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 676 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት በበኩሉ መንገድንና መጓጓዣን ጨምሮ ተደራሽነትን ግዴታ ያደርጋል፤ ከወረቀት ወደ አስፋልት የወረደው ግን ጥቂቱ ነው። ሕጋችን አካል ጉዳተኛውን ከበሩ አስገብቶታል፤ እስከ በሩ በምን እንደመጣ ግን አልጠየቀም።

ይህ በሐዋሳ መሆኑ በተለይ ያስቆጫል። ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በራስ መንገሻ ሥዩም አስተዳደር ስትቆረቆር በሜዳ ላይ፣ በፕላን፣ በሰፋፊ ጎዳና ነው የተመሠረተችው። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎቿም መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። ብስክሌት የለመደችው፣ በእጅ የሚዘወረው ባለሦስት እግር ዊልቸርም ከአዲስ አበባ ዳገቶች ይልቅ የተመቸው በሜዳነቷ ነው። ተፈጥሮ ያመቻቸችውን ያበላሸው የንግዱ አሠራር ነው። ቀድሞ ዕቃ በጋሪ እየመጣ በትንሽ በትንሹ ይራገፍ ነበር። ዛሬ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ይሠራል፣ ምድሩ በሙሉ ለሱቅ ይከራያል፣ የጀርባ በር ወይም የጭነት ማራገፊያ ግን አይተውለትም። እንግዲህ ጭነቱ በየት ይግባ? ያለ ደረጃ የሚገባበት አንድ መንገድ ራምፑ ነው። ጫኝና አውራጁም ሳጥን በጋሪ ሲገፋ ከደረጃ ይልቅ ራምፕን ቢመርጥ አይገርምም።

ቀድሞ ያስተማርኩት፣ ዛሬ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ ወጣት ያጫወተኝን ልጨምር። ደመወዙን ሊያወጣ በእጅ በሚዘወረው ዊልቸሩ ወደ አንድ ባንክ ይሄዳል። ራምፑን የለስላሳ መኪና ዘግቶታል። ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም። «ይቅርታ ወንድሜ፣ አሁን እናነሣለን» አለ፤ ማራገፉ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ። ይህን ጊዜ ጫኝና አውራጆቹ አዘኑለትና «ተሸክመን እናስገባህ» አሉት። «መምህር፣» አለኝ፣ «ደግነታቸውን መግፋት ከበደኝ፤ ከሳጥኖቹ ቀጥሎ እኔም ተራገፍኩ።» ባንኩ ውስጥ የነበሩትም ጫኞቹን እየመረቁ ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ባንክ የሚሄደው ማለዳ፣ መኪኖቹ ሳይመጡ ነው።

እዚህ ላይ ሾፌሩን ብቻ መርገም ቀላል ነው፤ ትክክልም አይመስለኝም። የሚታዘዘው በባለሱቁ ስልክ ነው። ሕጋዊ ማራገፊያ አልተሰጠውም። የሚጠብቀው የትራፊክ ቅጣትም ከመንገድ መሐል ቢቆም እንጂ ራምፕ ቢዘጋ እምብዛም አይደለም። ለነገሩ ከተማ ሲፈልግ መቁረጥ ይችላል። በ2011 መጨረሻ አዲስ አበባ ወንጀልና የመንገድ መጨናነቅ አሳስቧት ሞተር ብስክሌትን ከልክላ፣ የጭነት መኪኖችን በቀን ሰዓት ገድባ እንደነበር እናስታውሳለን። የውሳኔውን አግባብነት ለሌላ ጊዜ ላቆየው፤ ነገር ግን የጭነት ሰዓት በመመሪያ ሊደነገግ እንደሚችል አሳይቷል። የአካል ጉዳተኛ መንገድ መዘጋት ለእንዲህ ያለ መመሪያ በቂ ምክንያት ሆኖ አለመቆጠሩ ነው የሚያሳዝነው።

መንግሥት አካል ጉዳተኞች መኪና ከቀረጥ ነፃ እንዲያስገቡ የሚፈቅድ አሠራርም አለው። መኪናውን ፈቅዶ መቆሚያውን መርሳት እንዴት ያለ ነገር ነው? የሚመለከታቸው ሰዎች ቁጥርም እየቀነሰ አይደለም። ፖሊዮ ዛሬ እንደ ድሮው ሕፃናትን ባያሰነክልም፣ በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው ጦርነት ብዙ ወጣቶችን ያለ እጅና ያለ እግር አስቀርቷል። የመንገድ አደጋውም በየቀኑ ይጨምራቸዋል።

አሁን በሐዋሳም የኮሪደር ልማት እየተካሄደ የእግረኛ መንገዱ እየሰፋ፣ የብስክሌት መስመሩ እየተቀባ ነው። የሰፋ የእግረኛ መንገድ ለአይሱዙ የሰፋ ማራገፊያ እንዳይሆን ያሰጋኛል። ቀለሙ ከወጣ፣ ቀቢውም ከመንገዱ ላይ ካለ፣ በየራምፑ ግርጌ ማንም የማይቆምበት ሦስት ሜትር፣ በየሕንፃው ማቆሚያም ለበሩ የቀረበች አንዲት ቦታ መከለል ይቻላል። ጭነት በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ጎን እንደሚራገፍም ከተማ አስተዳደሩ ከነጋዴዎችና ከአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ጋር ተቀምጦ ይወስን። ሾፌሩም ያኔ «የት ላቁም?» ሲል የሚያሳዩት ቦታ ይኖራል።