«ባይኖርስ»፦ የሽንት ቤት ብድር ልጆችን ጠቅሟል ለማለት

ከነቀምቴ በስተ ምዕራብ፣ በነጆና በመንዲ ዙሪያ ሽንት ቤት የሚሠራ ሰው ሁለት ጠላት አለበት፤ ዝናብና ምስጥ። በረጅሙ ክረምት ጉድጓዱ ይናዳል፤ የተረበረበበትን እንጨት ምስጥ ይበላዋል። በደቦ ተቆፍሮ የተሠራው ሲፈርስ ቤተሰቡ ወደ ቁጥቋጦው ይመለሳል። የሲሚንቶ ስላብን ምስጥ አይደፍረውም፤ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ደግሞ ብዙ ቤት የሚገባው ቡና ሲሸጥ ነው። በብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በዕቁብ ወይም በዕድር በኩል ለሽንት ቤት ማሠሪያ ማበደር የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ከዚህ ችግር ነው።

ብድሩ ተሰጠ፣ ስላቡም ተነጠፈ እንበል። ከሦስት ዓመት በኋላ በጤና ኬላው መዝገብ በተቅማጥ የታመሙ ሕፃናት ቁጥር ቀንሷል። ልጆቹን ያዳናቸው ብድሩ ነው?

የግምገማ ባለሙያዎች እዚህ ላይ «ካውንተርፋክቹዋል» የሚሉት ቃል አላቸው። ሥራው ባይሠራ ኖሮ የእነዚያው ልጆች ጤና ምን ይመስል ነበር የሚለው፣ ሳይሆን የቀረው ሁኔታ ማለት ነው። እኔ በአማርኛ «ባይኖርስ» ብለው እመርጣለሁ። ሐሳቡ ለቋንቋችን እንግዳ አይደለም፤ «ባይዘንብ ኖሮ እመጣ ነበር» የሚል ልጅ የሆነውን ካልሆነው ጋር እያመዛዘነ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ስ» ቃሉን ጥያቄ አድርጋ ታቆየዋለች፤ «የዚህ ብድር ባይኖርስ በምን ታወቀ?» ብለን እንድንጠይቅ።

ትናንትን ከዛሬ ማወዳደር ባይኖርስን አይሰጠንም። ኢትዮጵያ ተቅማጥ አምጪውን ሮታቫይረስ የሚከላከል ክትባት በ2006 ዓ.ም. ጀምራለች፤ ብድር ያልደረሰበት ቀበሌም ክትባቱን ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት አኃዝ በአገራችን ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረበት 92 በመቶ በ2015 ወደ 29 በመቶ ወርዷል፤ ያለ ብድርም ብዙ ቤት ሽንት ቤት ቆፍሯል ማለት ነው። ወለጋ በቅርብ ዓመታት ያየው ግጭትና መፈናቀል ደግሞ መዝገቡን ራሱን አጠራጣሪ ያደርገዋል። ጤና ኬላ ሲዘጋ ልጆች እየታመሙም መዝገቡ ባዶ ይሆናል።

ተበዳሪን ካልተበደረ ጋር ማወዳደርም ያሳስታል። ደፍሮ የሚበደረው ቡና ያለው ነው፤ የእሱ ልጅ ቀድሞም የተሻለ ይመገባል።

ታማኙ መንገድ ዕጣ ነው። ቀበሌዎችን በዕጣ ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ቀድሞ፣ ለሌላው ቆይቶ መስጠት። ለሁሉም በአንዴ የሚበቃ ገንዘብ ከሌለ ተራን በዕጣ መወሰን በደል አይመስለኝም። በአማራ ክልል፣ በዋግ ኽምራ የተካሄደውና «ውኃ» የተባለው ጥናት 40 የገጠር መንደሮችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር። ግማሾቹ የውኃ ቦታ፣ የንጽሕና ትምህርትና የሽንት ቤት ቅስቀሳ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከሦስት ዓመት በኋላ ትራኮማ በተባለው የዓይን በሽታ በተያዙ ልጆች መጠን ላይ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ማነጻጸሪያዎቹ መንደሮች ባይኖሩ ይህ እንዴት ይታወቅ ነበር?

ብድሩን በተመለከተ ደግሞ በካምቦዲያ ገጠር የተደረገ የዕጣ ጥናት አለ። በእጅ በእጅ ዋጋ ከቀረበላቸው ቤተሰቦች ሽንት ቤት ሊገዙ የተስማሙት 12 በመቶ ሲሆኑ፣ በብድር ከቀረበላቸው ግን 50 በመቶ ተስማሙ። ብድር ሽንት ቤት ያበዛል ማለት ነው። ሽንት ቤት መብዛቱ ብቻ ግን ልጅን አያድንም፤ በሕንድ ኦዲሻ 100 መንደሮች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሽንት ቤት በተሠራላቸው መንደሮች ሽንት ቤት ያላቸው ቤቶች ከ9 ወደ 63 በመቶ ቢያድጉም የልጆች ተቅማጥ አልቀነሰም። ብዙዎች ሠርተው አልተጠቀሙበትም፤ ጎረቤት ሜዳ ከወጣ ደግሞ የእኔ ስላብ ለልጄ ብቻውን አይበቃም።

በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ «ይህን ያህል ሽንት ቤት አሠራን» የሚል ሪፖርት የሚቀርብላችሁ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና የዕድር ዳኞች፣ ከማጽደቃችሁ በፊት ባይኖርሱን ጠይቁ፤ ጥያቄውንም ብድሩ ከመሰጠቱ በፊት አንሡት፤ ከተሰጠ በኋላ ዕጣ ማውጣት አይቻልምና።