የአንገር በሬና የቃሊቲ ዝንብ

ዛሬ ስለ ዝንብ ነው የማወጋችሁ። አትሳቁ! ከተሜው «በዕድሜዬ ልየው» የሚለው የሚበር መኪና ይሆናል፤ ማርስ ላይ የሚያርፍ ሰው ይሆናል። ይሁንለት። እናንተ ግን ከነቀምት ተነሥታችሁ በቡሬ መንገድ ውረዱና፣ አንገር ጉቲን ስትደርሱ በሬ ሲጠምዱ ያረጁ አባወራ ፈልጉ። «አባባ፣ በዕድሜዎ ምን ተፈልስፎ ቢያዩ ይወዳሉ?» በሏቸው። ስለ ስልክ ያወሩልናል ብላችሁ ከሆነ አይመስለኝም። «ገንዲን የሚያጠፋልን» ቢሏችሁ ግን አልገረምም።

ገንዲን የማያውቅ ካለ ልንገረው። የቆላ ዝንብ ከታመመ ከብት ደም ስትመጥ፣ ዓይን የማያየው ተውሳክ ይዛ ትነሣለች፤ ጤነኛውን ስትነክስ ታጋባበታለች። በሬው ወዲያው አይሞትም፤ ጉዱ እሱ ነው። ሣር እየጋጠ ይከሳል፣ ጠጉሩ ይቆማል፣ ደሙ ያልቃል። ላሟ ትጨነግፋለች። በሬው በመጨረሻ የሚወድቀው እርሻ መሀል፣ ቀንበር ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። መርፌ የለም ወይ? አለ። ግን ሳይለኩ እየወጉት ተውሳኩ መድኃኒቱን መልመድ ጀምሯል።

የአንገር ሸለቆ ለም ነው፤ በቆሎውም ሰሊጡም ይሰጣል። በደርግ ዘመን ከወሎና ከሌላውም ደጋ ሰው እያመጡ ወለጋ ቆላ ሲያሰፍሩ፣ ለባለሥልጣኑ መሬቱ ባዶ መስሎት ነበር። ባዶስ አልነበረም፤ ኦሮሞውም ጉሙዙም ይኖርበት ነበር። ይህን የመሰለ አፈር እያለ የከብት ጌታ ሁሉ ለምን ቆላውን ትቶ አፋፉን እንደመረጠ ጠይቆ ቢሆን፣ መልሱን በሁለት ቃል ያገኘው ነበር፦ ወባና ገንዲ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህችን ዝንብ የማጥፊያው ብልሃት ዝንብ ማርባት ነው ብላችሁስ?

የቆላ ዝንብ እንደ ቤት ዝንብ እንቁላል አትዘራም። አንዲት እጭ በሆዷ ውስጥ አሳድጋ፣ በዘጠኝ በአሥር ቀን አንዴ ትወልዳለች። ከወንድ ጋር የምትገናኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነው። ሳይንቲስቶቹ የያዟት እዚህ ላይ ነው። ወንዶቹን በገፍ ያረቧቸዋል፣ በጨረር ያመክኗቸዋል፣ ከዚያ በአውሮፕላን ጫካ ላይ ይበትኗቸዋል። ሴቷ ከመካኑ ጋር ተገናኘች ማለት ዘሯ ቀረ ማለት ነው። የዛንዚባሯ ኡንጉጃ ደሴት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ ወደ 8 ሚሊዮን መካን ወንዶች ተለቀቁባትና በ1997 ከቆላ ዝንብ ነጻ ተባለች።

የኛም አገር በዚያው ዓመት ሥራውን ጀመረች፤ ዒላማው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ፣ የአርባ ምንጭ አካባቢ ነበር። በኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የዝንብ ፋብሪካ ተመረቀ። የት? ቃሊቲ! ቃሊቲ ሲባል ለስንቱ ትዝ የሚለው ወህኒ ቤቱ ነው፤ እዚያው ሰፈር ግን የከብት ደም በስስ ሽፋን ሥር እየተሞቀ ለዝንብ ይቀርባል። አንዲት እናት በአሥር ቀን አንድ ልጅ ብቻ ስትሰጥ ሚሊዮን ዝንብ ለማድረስ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት።

ታዲያ ለአንገር ለምን አልደረሰም? አንደኛ፣ ኡንጉጃ ዙሪያዋ ባሕር ነው። የአንገር ወንዝ ግን ዴዴሳን ይቀላቀላል፣ ዴዴሳ ዓባይን። ዝንቧም የወንዙን ዳር ጥላ ተከትላ ትሄዳለች፤ እዚህ ብታጠፏት ከታች ትመጣለች። ሁለተኛ፣ መካን ወንድ የሚረባው በየዘሩ ነው። ቃሊቲ ያረባው የደቡቡን ዘር ሲሆን፣ የአንገርና የዴዴሳ ዝንቦች በአብዛኛው ሌላ ዘር ናቸው፤ ለነሱ ማርባቱ እንደ አዲስ መጀመር አለበት። ሦስተኛው የላቦራቶሪ ጉዳይ አይደለም፦ ገበሬው ከነከብቱ በተፈናቀለበት፣ ጥይት በሚጮህበት አገር ላይ ለወራት ዝቅ ብሎ እየበረረ ዝንብ የሚበትን አውሮፕላን አይታሰብም።

«እስከዚያስ?» ትሉኛላችሁ። እስከዚያ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ አለ። ዝንቧ ሰማያዊ ቀለም ይስባታል፤ አጠገቡ የላም ሽንት ቢቀመጥ ሽታው ይጠራታል፤ ጨርቁ በመድኃኒት የተነከረ ነውና አርፋበት ትሞታለች። በከብቱ ጀርባ ላይ የሚፈስ መድኃኒትም አለ፤ በሬው ራሱ ወጥመድ ይሆናል ማለት ነው። አንዱ አፍስሶ ሌላው ከተወው ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ የግጦሽ ተጋሪው ሁሉ፣ ኦሮሞው ሰፋሪው ሳይባል፣ ባንድ ሳምንት ማፍሰስ አለበት። እኔን ብትጠይቁኝ በነዚያ አባወራ ዕድሜ ይደርሳል የምለው ይኼኛው ነው። የቃሊቲውን የልጅ ልጃቸው ይጠብቀው።