የካርታሄና ግንብና የመጠባበቂያ ገንዘባችን

በዚህ እትም ስለ አንዲት የወደብ ከተማ ታሪክ ልናወጋችሁ ወደናል። ከተማዋ ካርታሄና ትባላለች። የምትገኘው በዛሬዋ ኮሎምቢያ፣ በካሪቢያን ባሕር ዳርቻ ነው። ዘመኑ መርከብ በሸራና በነፋስ የሚሄድበት፣ ከተማዋም በስፔን ቅኝ ግዛት ሥር የነበረችበት ነው። ሌላው ሰው በዚህ ታሪክ መድፉንና ጦሩን ያያል። እኛ የሒሳብ ሠራተኞች ግን ዓይናችን ገቢና ወጪው ላይ ያርፋል።

ከፔሩ የሚመጣው ብር በፓናማ በኩል ወደ ካሪቢያን ይሻገር ነበር። ብሩን ወደ ስፔን የሚያጓጉዙት መርከቦች ካርታሄና ላይ ያርፋሉ። ሀብት ያለበት ቦታ ደግሞ ዘራፊ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ1586 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ድሬክ ከተማዋን በጉልበት ያዘ። ቤቶችን እያቃጠለ ካስፈራራ በኋላ 107,000 ዱካት የሚባለውን የወርቅ ገንዘብ ቤዛ ተቀብሎ ሄደ። ስፔንም ከዚያ በኋላ ባቲስታ አንቶኔሊ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ልካ የከተማዋን ምሽግ አስነደፈች።

ግንቡ በአንድ ትውልድ አላለቀም። ከተማዋን ከየብስ በኩል የሚጠብቀው የሳን ፌሊፔ ምሽግ እንኳ በኮረብታው ላይ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1657 ነው። ለግንቡና ለወታደሩ የሚሆነው ገንዘብ በከፊል እንደ ኪቶ ካሉ ሩቅ ግምጃ ቤቶች ይላክ ነበር። ድንጋዩን የተሸከሙት ግን ብዙዎቹ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው። የእነሱ ድካም በደመወዝ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ይህን ሳናነሳ ስለ ግንቡ ጥንካሬ ብቻ ብናወራ ሒሳቡን አጉድለን ማቅረብ ይሆንብናል።

ደግሞም ግንብ ስላለ ብቻ አይተኛም። እ.ኤ.አ. በ1697 የፈረንሳዩ ባሮን ደ ፖዋንቲ ሲመጣ ጠባቂው ወታደር ጥቂት ነበር፤ የምሽጎቹም ይዞታ ተዳክሞ ነበር። ከተማዋ ዳግመኛ ተያዘች፣ ተዘረፈችም። ከዚያ በኋላ የፈረሰው ተጠገነ፣ የጎደለው ተሞላ።

ትልቁ ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ1741 ነው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እንግሊዛዊው አድሚራል ኤድዋርድ ቨርነን ፖርቶቤሎ የተባለውን ወደብ በ6 መርከቦች ብቻ ይዞ ስሙ ገንኖ ነበር። ካርታሄና ላይ ሲደርስ ከ180 በላይ መርከቦችና ከ25,000 በላይ ሰዎች ነበሩት። በከተማዋ የነበሩት ተከላካዮች ከ3,000 እስከ 4,000 የሚገመቱ ሲሆን፣ የጦር መርከቦቻቸው 6 ብቻ ነበሩ። የባሕር ኃይሉ አዛዥ ብላስ ደ ሌሶ በቀደሙት ጦርነቶች አንድ እግሩንና አንድ ዓይኑን አጥቷል፤ አንድ እጁም አይታዘዝለትም።

እንግሊዞች በወደቡ መግቢያ ያለውን የቦካቺካ ምሽግ ያዙ። ቨርነንም ወዲያው የምሥራች ወደ ለንደን ላከ። ደብዳቤው ሲደርስ ከተማው በደስታ ተናወጠ፤ ሌሶ በቨርነን ፊት ተንበርክኮ የሚያሳዩ ሜዳሊያዎችም ተሠሩ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ደብዳቤው ባሕር እያቋረጠ ሳለ በሳን ፌሊፔ ምሽግ ላይ የተደረገው ጥቃት ከሽፎ፣ በአንድ ሌሊትና ንጋት ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ሞተውና ቆስለው ነበር። ቢጫ ወባም ከመድፍ የበለጠ ሰው ፈጀ። ቨርነንና የእግረኛው ጦር አዛዥ ጄኔራል ዌንትወርዝ እርስ በርስ እየተካሰሱ ግንቦት ላይ ለቀው ሄዱ። ሌሶም በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከተማዋ ውስጥ ሞተ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረታችን ለእነዚያ ሜዳሊያዎች የተነገረ ይመስላል። በሒሳብ ቋንቋ ስናየው፣ ያልገባ ገንዘብ እንደ ገባ ተቆጥሮ ተመዘገበ፤ የፖርቶቤሎ ትንሽ ትርፍም ለትልቁ ሥራ መለኪያ ሆነ።

እህቶቻችን፣ በጠቅላላ ጉባኤያችን ስለ መጠባበቂያ ገንዘባችን ስንወያይ ይህን ታሪክ ብናስታውስ መልካም ነው። ቃል የተገባልን ድጋፍ ባንክ እስኪገባ ድረስ የምንመነዝረው ገንዘብ አይደለም። ይህን የምንለው ደጋፊዎቻችንን ተጠራጥረን ሳይሆን፣ የእነሱንም አደራ ለመጠበቅ ነው። መጠባበቂያውም «ዘንድሮ ችግር አልመጣም» ተብሎ የሚከፋፈል ሳይሆን በየዓመቱ የሚጠገን ግንብ ነው። ጥበቃ የጎደለው ግንብ እ.ኤ.አ. በ1697 ምን እንዳመጣ አይተናል።

አንድ ልዩነት ግን አለን። የካርታሄና ግንብ በግዳጅ በተጫነ ሸክም ቆመ፤ የእኛ ግን በየወሩ በፈቃዳችን በምናዋጣው ይቆማል። ስለዚህ መዋጮው የከበዳት እህት ብትኖር ዝም ብላ አትሸከም፤ ትንገረንና አብረን መላ እንፈልግ። እያንዳንዷ አባልም መዝገቡን ከፍታ የማየትና የመጠየቅ መብት አላት። መጥታችሁ እንድታዩት እንጋብዛለን።