ሐዲዱ ሲነሳ የሚቀረው መሬት

ሲያትል አቀበትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ከጋዝ ወርክስ ፓርክ ተነስቶ የዋሽንግተንን ሐይቅ ዳር ይዞ፣ በኬንሞርና በቦትል አልፎ ሬድመንድ ድረስ የሚዘልቀው ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። መኪና አይገባበትም። ቅዳሜና እሑድ ልጁን ከኋላው ያዘለ አባት፣ ብስክሌት ገና የምትለማመድ ሴት፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ሁሉም ይጋልቡበታል። አብዛኛው የመንገዱ ክፍል ሜዳ የሆነው ተፈጥሮ ስላደለው አይደለም። ባቡር አቀበት መውጣት ስለማይሆንለት ነው። ዛሬ ለሽርሽር የምንሄድበት ጸጥታ የተሠራው በጭስና በእንጨት ጭነት ዘመን ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በቁጭት ነው። በ1873 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኖርዘርን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ የመስመሩን ማብቂያ ሲያትልን ትቶ ጎረቤቷን ታኮማን አደረገ። ባቡር ያላገኘች ከተማ በዚያ ዘመን ትሞታለች ተብሎ ይታመን ነበር። በ1885 ዳኛ ቶማስ በርክና ዳንኤል ጊልማን የሚመሯቸው ባለገንዘቦች የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ ስሙንም የሲያትል፣ ሌክ ሾርና ኢስተርን ባቡር አሉት። ሕልማቸው የካስኬድን ተራራ ተሻግሮ ከአህጉሩ ዋና መስመር ጋር መገናኘት ነበር። ባቡሩ ተራራውን ሳይሻገር ቀረ። ቢሆንም የከሰል ማዕድኑን፣ የደኑን እንጨትና የሸለቆውን እርሻ ከወደቡ ጋር አገናኘ፤ በኋላም ያው የተፎካከሩት ኖርዘርን ፓሲፊክ ጠቀለለው።

ሬድመንድ ከዚያ ሸለቆ መንደሮች አንዷ ነበረች። ባቡር ሳይመጣ በፊት ሰውም ዕቃም የሚመላለሰው በሳማሚሽ ወንዝ ላይ በጀልባ ነበር። ወንዙ በጣም ጠመዝማዛ ስለነበር ጉዞው ረጅም ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ሐዲዱ ሲደርስ የእንጨት መሰንጠቂያዎች፣ ሆቴሎችና ሱቆች በጣቢያው ዙሪያ በቀሉ፤ በ1912 መንደሯ በሕግ ከተማ ተባለች። ዛፉ ተቆርጦ ሲያልቅ ነዋሪው ወደ ወተት ከብት፣ ወደ ዶሮና ወደ አትክልት ዞረ። የዛሬው ሜሪሙር ፓርክም ጄምስ ክላይዝ የተባለ የሲያትል ባለባንክ በ1904 ያቋቋመው እርሻ ነበር። ሞጆን ወይም አዋሽን የሚያውቅ አንባቢ ይህን የከተማ አፈጣጠር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። መጀመሪያ ጣቢያ፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ከተማ።

መስመሩ የሁለት ባለሀብቶችን ስም ይዞ በርክ-ጊልማን ይባላል። ስሙ የማይናገረው ብዙ ነው። መሬቱ በ1855ቱ የፖይንት ኤሊየት ውል ከነባር ሕዝቦች እጅ የወጣ ነው። ኩባንያው በተቋቋመበት ዓመት፣ በመስከረም 1885፣ ዛሬ ኢሳኳ በምትባለው በስኳክ ሸለቆ ሆፕስ (የፈረንጅ ጌሾ እንበለው) ሊለቅሙ በመጡ ቻይናውያን ሠራተኞች ድንኳን ላይ በሌሊት ተኩስ ተከፍቶ 3 ሰዎች ተገደሉ። በየካቲት 1886 ደግሞ በሲያትል የተሰበሰበ ሕዝብ ቻይናውያንን ከየቤታቸው እያወጣ ወደ ወደብ ነዳቸው። በርክ ይህን ሕገ ወጥ ማባረር ፊት ለፊት ከተቃወሙት አንዱ ነበር፤ ይህ በታሪኩ ሊጻፍለት ይገባል። የተባረሩት ሰዎች ስም ግን በምንጋልብበት መንገድ ላይ የለም። ተፍቆ በላዩ ሌላ የተጻፈበት ብራና የፊተኛው ቀለም በጥቂቱ እንደሚታይበት ሁሉ፣ ይህም መንገድ የሚነበበው እንዲህ ነው።

የዚህ ታሪክ ወሳኝ ምዕራፍ ባቡሩ የመጣበት ዘመን ሳይሆን የሄደበት ነው። በ1971 ኖርዘርን ፓሲፊክን የወረሰው በርሊንግተን ኖርዘርን መስመሩን ለመተው ማመልከቻ አስገባ። ከሐይቁ ዳር ቤት የነበራቸው ሰዎች ጠባቧን መሬት ከግቢያቸው ጋር ለመቀላቀል የሚመኙበት በቂ ምክንያት ነበራቸው። ሌሎች ነዋሪዎች ደግሞ መሬቱ ሳይቆራረጥ ለእግረኛና ለብስክሌት ይሁን አሉ፤ በዚያው ዓመት መስከረም በሐዲዱ ላይ በእግራቸው ተጉዘው ማቲውስ ቢች ላይ ሰልፍ አደረጉ።

ዓመቱን ልብ እንበል። ቦይንግ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከ100,000 በላይ የነበረውን የአካባቢ ሠራተኛውን በ1971 ከ40,000 በታች አውርዶታል። ከተማዋን የሚለቅ የመጨረሻው ሰው መብራቱን እንዲያጠፋ የሚጠይቅ የምፀት ማስታወቂያ በመንገድ ዳር የተሰቀለው ያን ጊዜ ነው። ሰዎች ሥራ አጥተው ቤታቸውን በሚሸጡበት ሰዓት ስለ ብስክሌት መንገድ መከራከር ቅንጦት ይመስላል። ያን ጊዜ ባይከራከሩ ግን ዛሬ የሚከራከሩበት መሬት አይኖርም ነበር።

ተቃዋሚዎቹ የፈሩት ሌባ ነው። መንገዱ በጓሯችን ካለፈ ዘራፊ ይመጣል፣ የቤታችንም ዋጋ ይወድቃል አሉ። መንገዱ በነሐሴ 1978 ተመረቀ። ከተማዋ በ1987 ባወጣችው ጥናት ወንጀል አለመብዛቱ፣ በመንገዱ አቅራቢያ ያሉ ቤቶችም 6 በመቶ ያህል በበለጠ ዋጋ መሸጣቸው ታየ። ሥጋቱ በማስረጃ ተረታ፤ ጠቡ ግን አላለቀም። በባላርድ ሰፈር ከፋብሪካዎች ጋር በተያዘ ሙግት ከ2 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ክፍተት ከሃያ ዓመት በላይ ሳይሞላ ቆይቷል። ከሬድመንድ ወደ ኢሳኳ የሚወስደው ሐዲድም በ1998 በካውንቲው ቢገዛም፣ ከሐይቅ ዳር ባለቤቶች ጋር ለረጅም ዓመታት ፍርድ ቤት አመላልሷል። መኪና የሌለበት ጸጥታ ማንም የሰጠን ስጦታ አይደለም፤ በክርክር የተገኘና በክርክር የሚጠበቅ ነው።

ለምን ይህን ያህል? የመስመር መሬት ከሌላ መሬት የሚለየው በአንድ ነገር ነው። አንድ ሄክታር እርሻ ግማሹ ቢወሰድ ግማሹ እርሻ ሆኖ ይቀራል። 40 ኪሎ ሜትር መስመር መሐሉ ላይ 50 ሜትር ብቻ ቢቆረጥበት ግን መስመርነቱ ያከትማል። ያንን 50 ሜትር መልሶ መግዛት ደግሞ አንዳንዴ መስመሩን እንደ አዲስ ከመሥራት አይተናነስም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1983 ባሻሻለው ሕግ የተተወ ሐዲድ ለጊዜው መንገድ ሆኖ እንዲቆይ፣ ባቡር ባስፈለገ ጊዜም እንዲመለስ የፈቀደው ይህን በመረዳት ነው።

ሬድመንድ የዚህን ብልሃት ፍሬ በዓይኗ አይታለች። በመሐል ከተማዋ የሚያልፈውን አሮጌ ሐዲድ በ2010 ገዛች፤ በ2013 የመጀመሪያውን ክፍል ለእግረኛና ለብስክሌት ከፈተች። በግንቦት 2025 ደግሞ ከተማ አቋራጩ የኤሌክትሪክ ባቡር በዚያው በአሮጌው መስመር ጎን መሐል ሬድመንድ ገባ። ሳይቆረጥ በመቆየቱ ባቡሩም ብስክሌቱም ቦታ አገኙ።

ሐሳቤን ወደ አገር ቤት የሚወስደው ይህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው የጅቡቲ መስመር በ1902 ድሬዳዋን ወለደ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን በአንድ ክር ሰፋ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ መንገድና ከመሐል ከተማ የራቁ ጣቢያዎች አሉት። አሮጌው መስመር ግን ብዙዎቹን ከተሞች በመሐላቸው የሚያልፍ ነው። በ2018 ለለገሃር ትልቅ የግንባታ ዕቅድ ይፋ ሲሆን ጣቢያው በቅርስነት እንደሚጠበቅ ተነግሯል። መልካም ነው። ነገር ግን መስመር የሌለው ጣቢያ የሚያምር ሕንፃ ብቻ ነው። ቅርሱ ሕንፃው ብቻ ሳይሆን፣ ከለገሃር በር ተነስቶ ከከተማ ከተማ የሚሄደው ጠባብ መሬት ጭምር ነው።

የአገር ቤት ብስክሌት ከሲያትሉ እንደሚለይ አውቃለሁ። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ብስክሌት ወደ ሥራ መሄጃ፣ ዕቃ መጫኛ ነው፤ ሽርሽር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ ክርክሩን ያጠነክረዋል እንጂ አያዳክመውም። ከቢሾፍቱ በሞጆ አዳማ ድረስ የጭነት መኪና የማይደርስበት፣ ለባቡር ተብሎ የተለሰለሰ መንገድ ለተማሪውና ለገበያተኛዋ ቢኖር፣ ሬድመንድ በሽርሽር ያገኘችውን እኛ በኑሮ እናገኘው ነበር። ገንዘቡ ዛሬ ላይኖር ይችላል። መሬቱን አለመቁረጥ ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ካርታ ላይ የሚሰመር መስመርና ያን መስመር የሚያስከብር ውሳኔ ነው። የሲያትል ነዋሪዎች በ1971 የነበራቸው ከዚህ ብዙ አይበልጥም ነበር።